ዶዘርም ሰውም ያልሆነው ስለት

ደባርቅ ውስጥ ዋጋው ላልታወቀ ነገር ሁሉ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ፊደል የሚዘል የጽሕፈት መኪና፣ ሞተሩ የነከሰ ሞተር ብስክሌት ሊወገድ ሲል ስንት እንደሚያወጣ ገምቼ እፈርማለሁ። በሥራዬ አልታማም። አንድ ዕቃ ፊቴ ሲቀርብ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ምን እንደጎደለው። እነዚህ ከተመለሱ ዋጋው ራሱ ይመጣል። ካልመጣ ጥፋቱ የገማቹ ነው እያልኩ ስንቱን ወጣት ሠራተኛ አስለቅሻለሁ።

ይህን ሰምተው ነው የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ሰዎች ለዓመታዊው ንግሥ የስለት ገማች ያደረጉኝ። በስለት ከሚገባው ዕቃ ለአገልግሎት የሚሆነው ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ የተረፈው ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ከተቀመጠ በኋላ በድምፅ ማጉያ ለጨረታ ይቀርባል። መነሻ ዋጋውን ገማቾች እንናገራለን። ከዚያ ወዲያ ግን የገበያ ሕግ የሚባል ነገር የለም። ሰው ለአንድ ጥላ የሦስት ጥላ ዋጋ ይጠራል፤ ካሸነፈ በኋላም «ለታቦቱ ይሁን» ብሎ ይመልሰውና ጥላው እንደገና ይሸጣል። አንድን ንብረት ደጋግሞ መሸጥ በእኛ መሥሪያ ቤት ያሳስራል፤ እዚያ ግን እልል ያሰኛል። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት።

ገማቾቹ ሦስት ነበርን። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ ዕድሜ የጠገቡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ አባት። ሁለተኛው መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ስላለው ከውጭ አገር በመጣ ዕቃ ሁሉ አዋቂ እሱ ነበር። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የመንገድ ሥራው ዶዘር ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የምንሰማበት ጊዜ ነበር። የንግሡ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ጥላ ስንዘረጋና ስናጥፍ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የምትሆን ልጅ ከእናቷ ጋር ገባች። እናትየዋን አውቃታለሁ። ገበያ ላይ ድንች የምትሸጥ፣ ሚዛን የማታጎድል፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ነበረች። ከንግሡ በፊት በነበረው ክረምት ድንቿ መሃል ወድቃ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አንደበቷም ተያዘ። ጎንደር ሆስፒታል ብዙ ከረመችና ቆማ ተመለሰች። ቆማ ማለቴ ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ነው። ስትናገርም ቃሉን ፈልጋ ነው የምታገኘው። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነች» ይል ነበር፤ እኔ ግን ባየኋት ቁጥር ዳነች ልበል አልዳነችም ልበል ይቸግረኝ ነበር።

ልጅቷ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛ ለቄሰ ገበዙ አቀረበች።

«ስለት ነው አባ» አለች። «እማዬ ከተነሳችልኝ ብዬ ተስዬ ነበር። ተነሳች።»

ቄሰ ገበዙ በመስቀላቸው ባረኳትና ጨርቁን ፈቱት። ከዚያ ወደ እኛ አዞሩት። ነጋዴው አንገቱን አሰገገ። እኔም አየሁት፤ ምን እንዳየሁ ግን አላወቅሁም።

ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ የሚያልፍ፣ ወይን ጠጅ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰው መሳይ ነገር ነው። ደረቱ ላይ ዶዘር አፈር የሚገፋበት የፊት ብረት ተለጥፏል። ባቱና ጭኑ በዶዘር ሰንሰለት ተሸፍኗል። ጥርሱን ነክሷል፣ ቅንድቡ ወርዷል፣ ዓይኑ ቀይ ነው። አንድ ትከሻው ላይ ቀለሙ ተልጧል፤ መዳፉ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ይያዝበት የነበረ ቀዳዳ አለ፣ የሚያዘው ነገር ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ ላቆመው ብል ወደ ኋላ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዶዘር ነው።»

«ሰው ነው እንጂ።»

«ሰውም ይሆናል» አለች። «ሲፈልግ ደግሞ ዶዘር ይሆናል።»

አባቷ ቱሪስት ተከትሎ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ የበቅሎ ጫኝ ነው። ጨነቅ ካምፕ ላይ አንድ የፈረንጅ ልጅ ከበቅሎዋ ጋር በጣም ተላምዶ ኖሮ ሲለያዩ ይህን ሰጠው፤ እሱም አምጥቶ ለልጁ ሰጣት። ሌላ መጫወቻ የላትም። አቅፋው ነው የምትተኛው። ይህን ሁሉ የነገረችን ራሷ ነች፤ እናትየዋ አጠገቧ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች።

ነጋዴው በዚህ መሃል ዕቃውን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶት ነበር። «ቆይ» አለ። «እኔ ይሄን አውቀዋለሁ። ፊልም አለው። ክፉው እሱ ነው።»

«ክፉው ማለት?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ማለት አባ፣ ደጎቹ አሉ፣ ክፉዎቹ አሉ። ይሄ የክፉዎቹ አለቃ ነው።»

«እንዲያው ምን በደለ ትላለህ?»

«ከተማ ያፈርሳል። አንድ ትልቅ ድልድይም ሰበረ። ከዚያ መብራት ሄደ።»

«መጨረሻውን አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ንስሐ ገብቶስ እንደሆነ?» አሉ።

እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር ገረመኝ። የእያንዳንዱ ጣት መገጣጠሚያ ለብቻው ይታጠፋል፣ የሰንሰለቱ ጥርስ አንድ በአንድ ተቀርጿል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ያህል ተጠብቦ ለልጅ ክፉ ሰው የሚሠራው ምን ሆኖ ነው? ደጉን አይሠራም ወይ ብዬ ነጋዴውን ጠየቅሁት። ደጉም አለ፣ ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት አለኝ። የትኛው ይወደዳል ስለው ክፉው ይወደዳል አለ። ዋጋ ስገምት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፤ ዛሬም አልገባኝም።

ቄሰ ገበዙ ዕቃውን ተቀብለው ፊቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እኛ ዘንድ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሳል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያዩናል፣ ክፉዎቹ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ይኸው፣ ይሄ ሁለት ዓይን አለው።»

«ወደ ጎን ያዙሩትና ይዩት አባ፣ አንድ ነው» አለ ነጋዴው።

«ወደ ጎን ከዞሩማ እኛስ መች ሁለት አለን» አሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ክፉ ነው እያለ ነው፣ ሰምተሻል ልጄ?»

«ሰምቻለሁ» አለች። «እኔን ግን ምንም አላደረገኝም።»

ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን ነቅንቀው እንቀበላለን አሉ። ስለቱ ከልቧ ነው፣ የሌላው ነገር ዳኛ እኛ አይደለንም አሉ። እኔ ግን ሥራዬ አላለቀም፤ ዶዘር ይሆናል የተባለ ዕቃ ዶዘር ሲሆን ሳላይ ዋጋ አልሰጥም። ልጅቷን አሳዪኝ ስላት እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

«አልነካውም። የታቦት ነው።»

«ለገማች ነው የምታሳዪው» አልኳት ትንሽ ተቆጥቼ።

«አልነካውም።»

«ልክ ናት» አሉ ቄሰ ገበዙ። «የሰጡትን መልሶ መንካት የለም።»

እንግዲያው እኛው እንሞክር ተባለና ነጋዴው ጀመረ። ክንዱን ሲስብ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ደረቱን ሲጫን ግራ እግሩ ታጠፈና ሰንሰለት ሆነ። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ። ቄሰ ገበዙ ተቀበሉት፣ አገላብጠው ትንሽ ጎተት አደረጉና ይሰበር ይሆናል ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ላብ እስኪያጠምቀኝ ታገልኩት። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ። ግማሽ ፊቱ ከዶዘሩ አናት ላይ ብቅ ብሏል፣ ቀኝ ክንዱ ደረቱ ላይ ታጥፎ ቀርቷል፣ ግራ እግሩ ሰንሰለት ሆኖ ቀኙ እንደ እግር ተዘርግቷል። ሰው ነው እንዳልል ሰው አይደለም፣ ዶዘር ነው እንዳልልም አይሄድም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምን እንደጎደለው እንዴት አውቃለሁ? አናደደኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ያኔ እናትየዋ ጠጋ ብላ አየችውና በግማሽ አፏ ሳቀች። «እ… እኔን» አለች። ቃሉን ፈለገችው። «እኔን… መሰለ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ምን እናድርግ፣ እሷ ከሳቀች ብለን ነው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ዕቃውንና እናቷን ተራ በተራ አየቻቸው፤ ከዚያ የእናቷን ደህና እጅ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ብርድ ነበር፣ ነፋሱም ድምፅ ማጉያውን ያስጮኸው ነበር። ጨረታው እንደ ወትሮው ጀመረ። ጥላው ተሸጦ ተመለሰ፣ ተሸጦ ተመለሰ። ምንጣፉ ሄደ፣ በጉ ሄደ። እናትና ልጅ ከሴቶቹ መሃል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አባትየው ሰው ይዞ ተራራ ስለወጣ የለም። የልጅቷ ፊት እንደ ፈተና ቀን ተጨንቋል። ስለት ያስገባ ሰው ዕቃው በእልልታ ሲሄድ ካየ ተቀበለኝ ብሎ ያርፋል። እሷም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው።

የእሷ ተራ ሲደርስ ጨረታውን የሚመራው ጎልማሳ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያዘና ግራ ተጋባ። «ይሄ ደግሞ… ምን ብዬ ልጥራው?» ብሎ ወደ እኛ ዞረ። ነጋዴው ነው የመለሰለት፤ ክፋት የለውም፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ብቻ ድምፅ ማጉያው ቅርብ ነበርና የተናገረውን ግቢው በሙሉ ሰማው። «የልጅ መጫወቻ ነው፤ ፊልም ላይ ክፉው እሱ ነው» አለ።

ቄሰ ገበዙ የገመቱት መነሻ ዋጋ ተጠራ። ዝም። ጎልማሳው «ለታቦቱ ነው፣ በረከት ነው» አለ። ዝም። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፤ በንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ክፉ ነገር ይዞ ቤቱ የሚገባ ማን ነው? በደብራችን ዋጋ ሳይጠራበት የቀረ ስለት አይቼ አላውቅም። ጎልማሳው ዕቃዎቹ የወጡበትን ካርቶን አየት አደረገ፤ ሊመልሰው ነው። ልጅቷ አታለቅስም። እናቷን ነው የምታየው፤ እግሯን፣ እጇን፣ አፏን። በዓይኗ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ገባኝ። ስለቱ ከተመለሰ እናቷም ወደነበረችበት አልጋ የምትመለስ መስሏታል።

እናትየዋ ግራ እጇን አነሳች። ልትጠራ ነው። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ አወረደችው። «እኛ ቤት አይመለስም» አለች፤ ከፊት ያለነው ሰማናት።

ገማች አይገዛም። ይህ የሥራዬ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ አንድ ያረጀ ሸልፍ ራሱ ገምቶ ራሱ ሊገዛ የሞከረ ባልደረባዬን ከኮሚቴ አስወጥቼዋለሁ። በዚያ ቀን ግን ተነስቼ ዋጋ ጠራሁ። የአንድ ደህና ጥላ ዋጋ ነበር የጠራሁት፤ ለምን የጥላ እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ነጋዴው ዞር ብሎ አየኝ። ጎልማሳው «አንደኛ ጊዜ፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ» አለና አንዲት ባልቴት ከኋላ እልል አሉ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ከዚያ ሁሉም «ለታቦቱ ይሁን» እስክል ጠበቁኝ። ልማዱ ነዋ። ከመለስኩት ግን እንደገና ይጠራል፣ እንደገናም ዝም ይባላል፤ ያንን ዝምታ ልጅቷ ሁለተኛ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ጋቢዬ ውስጥ ጠቀለልኩትና ተቀመጥኩ። ቋጣሪ ተባልኩ፤ ነጋዴው ደግሞ ለብዙ ጊዜ «ገማቿ ገዛች» እያለ ቀልዶብኛል። ደስ አላለኝም።

ቤቴ ወስጄ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሰሞን ቡና ላይ እያለን ጎረቤት ሁሉ ሞክሮት ነበር፤ አልሆነም። እንደያዘ ቀረ፣ ግማሽ ፊቱን አውጥቶ፣ ክንዱን አጥፎ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ በደጄ ታልፋለች፤ በሩ ክፍት ከሆነ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ ቡፌው ታያለች፣ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች። ናፍቋት ነው ብዬ አዝን ነበር። ግቢ ስላት አትገባም። እናትየዋ ወደ ገበያ ተመለሰች፤ አልተሻላትም፣ አልባሰባትም። እግሯን ትጎትታለች፣ እጇ እንደታጠፈ ነው፣ ቃሏን ትፈልጋለች፣ ድንቿን ትሸጣለች። አስፋልቱ ደረሰ፣ ዶዘሮቹም ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ወደ ዛሪማ አቅጣጫ አለፉ። ልጅቷ ቁመቷ ከኔ በለጠ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ገባች። ደስ ብሎኝ፣ ምን ልስጣት ብዬ ሳስብ ዓይኔ ቡፌው ላይ አረፈ።

«ውሰጂው» አልኳት። «ገዝቼዋለሁ፤ የታቦት መሆኑ ቀርቶ የኔ ነው። እኔ ደግሞ ሰጠሁሽ።»

«አይ እትዬ» አለች። እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች፣ ልክ እንደ ያኔው። «አልነካውም።»

«እሺ አትንኪው። እንዲያው እንዴት እንደሚፈታ ሳላውቅ ልሙት?»

ሳቀች። «ቀላል እኮ ነው። መጀመሪያ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ ላይ ወደ ውጭ ያዙሩት፤ አይስቡት፣ ያዙሩት።»

አዞርኩት። እምቢ ሲለን የኖረው ክንድ ቀጭ ብሎ ወጣ።

«ይህን ያኔ በአፍሽ አትነግሪንም ነበር?»

«አልጠየቃችሁኝም» አለች። «አሁን ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ነገር ይጫኑ።»

ስጫን ያ የተቆጣ ፊት ሙሉውን ወጣ። ሁለቱም ዓይኖቹ ቀይ ናቸው። ግራ እግሩን እንደነገረችኝ ዘረጋሁት። እንደ ልጅ ተደሰትኩ፤ ስንት ዓመት ያሾፈብኝ ነገር እጄ ላይ ሰው እየሆነ ነው። የቀረው ቀኝ እግሩ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ጠምዘዝ ማለቱን ቀና ማድረግ።

«ይበቃል» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ተለውጧል። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያየሁት ፊት ነው።

«ምነው? አለቀ እኮ።»

«እትዬ፣ እንደነበረ ይመልሱልኝ።»

«ሰው ሆኖ ቢቀመጥ አይሻልም?»

«እንደዚያ ሆኖ ነው እማዬ የቆየችው» አለች። «እኔ ልሄድ ነው። አባዬ ተራራ ላይ ነው። አጠገቧ የሚሆን ሰው የለም።»

በደጄ ስታልፍ አንገቷን የምታሰግገው ለምን እንደነበረ ያኔ ነው የገባኝ። ዕቃው ናፍቋት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ልጅ ናት፤ የእናቷን በሽታ ስም ከኔ የተሻለ ታውቀዋለች። ይህ ዕቃ ከእናትሽ ጋር ምን አገናኘው ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። እሷ በአፏ እየመራችኝ ግራ እግሩን አጠፍኩት፣ ፊቱን በግማሽ ደበቅሁት፣ ክንዱን ደረቱ ላይ መለስኩት። እሷ ጎንበስ ብላ ከዚህም ከዚያም አየችው። «ክንዱ ትንሽ ወደ ላይ ነበር» አለች፤ አስተካከልኩት። ከዚያ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

አሁንም ቡፌው ላይ ነው። አቧራውን በላባ እጠርግለታለሁ፤ እንግዳ ሲመጣና እጁን ሲሰድ ተዉ እላለሁ፣ ለምን ሲሉኝ ስለት ነው እላለሁ። አምኜበት ይሁን አላውቅም፤ ስንት ያወጣል ብትሉኝም አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከእናትየዋ ድንች ገዛሁ። በግራ እጇ መዘነችልኝ፤ ሚዛኑ አልጎደለም።